ሙዚቃ በውስጥ እግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት ሳውንድ አከራያለሁ። ስፒከር፣ ሚክሰር፣ ጄኔሬተር ጭኜ ከአጂፕ እስከ ጅሬን ያልገባሁበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ መስማት የተሳናት ናት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ልብስ ትሰፋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ሲበዛብኝ አብራኝ ትመጣና ገመድ ትዘረጋልኛለች። ዘፈኑ ሲጀመር ጫማዋን ታወልቃለች። ከትልቁ ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ስፒከር፣ አጠገብ ጣውላው ላይ ትቆማለች። ከዚያ እስክስታው ነው። ይሄን ያየ እንግዳ ሁሉ ተራ በተራ ወደ እኔ ይመጣል። ለምን እሷን እንደማይጠይቋት አይገባኝም፤ እሷንም ያበሳጫታል። ለማንኛውም ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ፣ ስፒከር ሥር ቆሞ እየጮኹ መመለስም ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። አንብባዋለች። ሦስት ቦታ አርማኛለች።

እውነት ሙዚቃው ይሰማታል?

ይሰማታል። ቃሉን ልብ በሉልኝ። አማርኛ ‹ዘፈን ሰማሁ› ይላል፤ ‹ብርድ ተሰማኝ›፣ ‹ድካም ተሰማኝ›ም ይላል። ብርድን በጆሮው የሰማ ሰው የለም። ‹ስሜት› ራሱ ከ‹ሰማ› የወጣ ቃል ነው። በኦሮምኛም ያው ነው፤ ‹ዸገኡ› መስማት ነው፣ ‹ነቲ ዸገአሜ› ማለት ደግሞ ‹ተሰማኝ›። ስለዚህ ጅማ ላይ በየትኛውም ቋንቋ ብትጠይቁኝ መልሴ አይለወጥም።

‹እንደኛ ነው ወይ የምትሰማው?› ካላችሁኝ ግን አይደለም። እሷ ጋ የሚደርሰው ምቱ ነው፣ ክብደቱ ነው፣ ዘፈኑ ሲሞቅና ሲረግብ ያለው ለውጥ ነው። ቀጫጭኖቹ ድምፆች አይደርሷትም። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ ፍጹም ዝምታ ውስጥ አይደለም። ብዙዎቹ ትንሽም ብትሆን የቀረች መስማት አለቻቸው፤ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፣ ሌላው በአንድ ጆሮው ብቻ። የአክስቴ ልጅ በልጅነቷ ማጅራት ገትር ታማ ነው መስማቷን ያጣችው። ለእሷ የቀረው በጣም ትንሽ ነው።

ድምፅ በቆዳ እንዴት ይገባል?

ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል። እሱ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ደግሞ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይገፋል። የጆሮ ታምቡር ካገኘ ታምቡሩን ያንቀጠቅጣል። የድንኳን ሸራ ካገኘ ሸራውን፣ ደረት ካገኘ ደረትን። ንዝረት ጆሮ መርጦ አይሄድም።

በሰከንድ ስንት ጊዜ ተርገበገበ የሚለው በኸርዝ ይለካል። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይይዛል። ቆዳ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ ወደ 1,000 ኸርዝ ሲጠጋ እየደከመ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ንቁ የሚሆነው 250 ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የተመደቡ ጥቃቅን አካላት ከቆዳችን ሥር አሉ። ተሰንጥቀው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልክ እንደ ሽንኩርት ተደራርበው ነው የሚታዩት፤ ፓቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ የአካል ተመራማሪ ስሙን ሰጥቷቸዋል። መዳፍ፣ የጣት ጫፍና ውስጥ እግር ላይ በደንብ አሉ።

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ሰርጋችን እናምጣቸው። የትልቁ ከበሮ ምት ከ50 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። የወንድ ንግግር 120 ገደማ፣ የሴት 200 ገደማ ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ቆዳ የሚይዘው ክልል ውስጥ ነው። ‹ሰ›፣ ‹ፈ›፣ ‹ጸ› የሚሉት ፉጨት ያላቸው ፊደላት ግን ብዙ ሺህ ኸርዝ ላይ ናቸው። ጽናጽልም እንደዚያው። እልልታም ከፍ ያለ ነው። እልልታን የአክስቴ ልጅ የምታውቀው በዓይኗ ነው፤ ምላስ ሲርገበገብ፣ እጅ ወደ አፍ ሲጠጋ።

ወፍራም ድምፅ ሌላም ባሕርይ አለው። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል። የድንኳን ሸራና የጭቃ ግድግዳ ለእሱ ምንም አይደሉም። ማታ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ሩቅ ሰፈር ያለ ሰርግ ስትሰሙ ዘፋኙ ማን እንደሆነ አታውቁም፤ የሚደርሳችሁ ዱም... ዱም... ብቻ ነው። ቀጭኑ መንገድ ላይ ቀርቶ ወፍራሙ ደርሶ ነው።

ምኗ ላይ ነው የሚሰማት?

ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ ቤዙ ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ጉልበት ላይ ይቆማል፣ የወንድ ድምፅ ደረት ላይ ነው፣ ኪቦርድ እጅን ከዘረጉ መዳፍ ላይ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ያጋነነች መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ስለ ኤቭሊን ግሌኒ ሳነብ አፈርኩ።

ግሌኒ እ.ኤ.አ. በ1965 የተወለደች ስኮትላንዳዊት የከበሮና የምት መሣሪያዎች ባለሙያ ናት። በ8 ዓመቷ ጆሮዋ መድከም ጀመረ፤ በ12 ዓመቷ መስማት የተሳናት ሆነች። ትምህርት ቤት የነበረው አስተማሪዋ ቲምፓኒ የሚባለውን ትልቅ ከበሮ እየመታ እሷ እጇን ግድግዳ ላይ ታደርግ ነበር። ቀስ በቀስ የትኛው ድምፅ የትኛው የሰውነቷ ክፍል ላይ እንደሚያርፍ ለየች፤ ወፍራሙ እግርና ዳሌ አካባቢ፣ ቀጭኑ ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ። መድረክ ላይ በባዶ እግሯ ነው የምትጫወተው። በ1989 ግራሚ ወስዳለች፤ የ2012 የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይም ከበሮ መቺዎቹን የመራችው እሷ ናት። መስማት ማለት የተለየ ዓይነት መዳሰስ ነው ባይ ናት። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት አልገረማትም። ‹መኪናዬን ጠይቃት› አለችኝ። የልብስ ስፌት መኪናዋን ነው። መርፌዋ ሊሰበር ሲል ከፔዳሉ በእግሯ ታውቀዋለች።

የሚሰማ ሰው ግን ይበልጣል አይደል?

በግጥሙ፣ አዎ። በሌላው ነገር ላይ እስቲ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ትልልቅ ቤዝ ገጠምኩ። ሚክሰሩ ጋ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። ገና ዘፈን ሲጀመር የአክስቴ ልጅ መጣችና ክንዴን ነካ አድርጋ ‹መሀሉ ሞቷል› አለችኝ። ሰው የሚጨፍርበት ቦታ ማለቷ ነው። አልሰማኋትም፤ ጆሮ እያለኝ ማለቴ ነው። ሦስተኛ ዘፈን ላይ ጎትታ ወስዳ መሀል አቆመችኝ። እውነትም ባዶ ነው! ለካ የአንዱን ቤዝ ፕላስና ማይነስ አገላብጬ ገጥሜዋለሁ። አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መሀል ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ጎን ላይ የቆምኩት እኔ ልለየው አልቻልኩም። እሷ በባዶ እግሯ ድንኳኑን ዞራ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ‹ይሁን› ሳትለኝ ዘፈን አላስጀምርም።

እኛስ የምንሰማው ሰዎች በሰውነታችን የምናገኘው ነገር አለ?

ብዙ ነው፤ ጆሯችን ምስጋናውን ሁሉ ስለሚወስድ ነው የማናውቀው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል። ካናዳ ውስጥ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እውነተኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮንሰርት አዘጋጁ። ታዳሚዎቹ እንቅስቃሴያቸው የሚለካበት ነገር ግንባራቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ከ8 እስከ 37 ኸርዝ ያለ እጅግ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡ ልዩ ስፒከሮችን በየጥቂት ደቂቃው ያበሩና ያጠፉ ጀመር። ድምፁ በጆሮ ብዙም የሚለይ አልነበረም። ስፒከሮቹ ሲበሩ ግን ሰዉ 12 በመቶ ገደማ አብዝቶ ተንቀሳቀሰ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ! እኔ ይሄን ሳነብ ለዓመታት ‹ዲጄው ዛሬ በላው› ሲባል የነበረውን ሁሉ እንደገና አሰብኩት። ግማሹ የጄኔሬተሩና የቤዙ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም አለ። በስልክ የተቀዳ ድምፃችሁን ስትሰሙ ‹ይሄ እኔ ነኝ?› ብላችሁ የምታፍሩት ለምን ይመስላችኋል? ስታወሩ ድምፃችሁ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችሁ አጥንት በኩልም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል። አጥንቱ ወፍራሙን አብዝቶ ያቀብላል። ቀረጻው ላይ አጥንቱ የለም፤ ስለዚህ ድምፃችሁ ቀጥኖ ይመጣል። እኛ ራሳችንን ዕድሜ ልክ በከፊል በአጥንት ስንሰማ ኖረናል።

አእምሮ ንዝረቱን ምን ያደርገዋል?

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1998 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከተወለደ ጀምሮ መስማት የተሳነው አንድ ሰው መዳፍና ጣቶች ላይ ንዝረት ሰጥተው አእምሮውን ለኩ። በሌላው ሰው ድምፅ የሚሰማበት የአእምሮ ክፍል ሥራ ላይ ሆኖ ተገኘ። በ2001 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 10 መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችን 11 ከሚሰሙ ሰዎች ጋር አነጻጽረው ተመሳሳይ ነገር አዩ። ቤቱ ተከራይ ሲያጣ ባዶ አልቀረም፤ ጎረቤቱ ገብቶ ተጠቀመበት ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ‹ጎረቤት› የሚለውን አልወደደችውም። ‹ቤቱ የራሴ ነው፣ በሌላ በር ነው የገባሁት› ብላ አረመችኝ። አንደኛው እርማት ይሄ ነው።

ቤትሆቨንም መስማት የተሳነው ነበር አይደል?

ይሄን የማይጠይቀኝ የለም። አዎ፣ ግን ምሳሌው ትንሽ ያሳስታል። ቤትሆቨን ጆሮው መድከም የጀመረው ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሙዚቃን አንድ በአንድ ያውቃል። ዘጠነኛው ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1824 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ጭብጨባውን ስላልሰማ ከዘፋኞቹ አንዷ ወደ ሕዝቡ እንዳዞረችው ይነገራል። ይሁን እንጂ ያንን ሥራ የጻፈው በቆዳው ሳይሆን ውስጡ በቀረው ትዝታ ነው።

የሚሻለው ምሳሌ ሔለን ኬለር ናት። ገና 19 ወሯ ሳለች ማየትም መስማትም አጣች። እ.ኤ.አ. በ1924 ያው ዘጠነኛው ሲምፎኒ ከኒው ዮርክ በራዲዮ ሲተላለፍ እጇን የራዲዮው ስስ ሽፋን ላይ አድርጋ አዳመጠችው። ለኦርኬስትራው በጻፈችው ደብዳቤ የከበሮውን ምትና የሕብረ ዝማሬውን ድምፅ እንዴት እንደለየች ተርካለች። እሷ ትዝታ አልነበራትም። የነበራት ጣት ነው።

ከኛ መሣሪያዎች የትኛው ይሻላል?

ይሄን ጥያቄ ስለምወደው ዘለግ አድርጌ ልመልስ።

ከበሮ አንደኛ ነው፤ ግን ከመቺው ጋር ካያችሁት ነው የሚገርመው። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሆድ ላይ ያርፋል። ሰፊው ፊት አንድ ድምፅ፣ ጠባቡ ፊት ሌላ ድምፅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሰሚ የመቺው ሆድ ነው። ‹ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር› ይባላል፤ የአክስቴ ልጅ ግን ስትይዘው ነው የማረላት፣ በሰው እጅ ሲሆን ግማሹ ነው የሚደርሳት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ መቋሚያ አለ። ካህናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲረግጡና መቋሚያውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ ወለሉ ራሱ መሣሪያ ይሆናል።

ጅማ ላይ ድቤን ካልጠራሁ ሰፈርተኛው ይታዘበኛል። መንዙማ ሲባል ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ ድቤው እየተመታ፣ ሁሉም እያጨበጨበ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተወዛወዘ ነው። አንድ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ጆሯቸው ከደከመ ብዙ ዓመታቸው ነበር። መንዙማ ላይ ግን አንድም ቀን ምት ስተው አላየሁም። ግራና ቀኝ ያሉት ትከሻዎች ይነግሯቸዋል።

በገና የተለየ ፍጥረት ነው። 10 ጅማቶች አሉት። በየጅማቱና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ይገባሉ። ጅማቱ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ስለሚርገበገብ ነው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው። ሌላ አገር ብዙ መሣሪያ ሠሪ እንዲህ ያለውን እርግብግቢት ለማጥፋት ይደክማል፤ የእኛ አባቶች ሆን ብለው ጨመሩት። ደርዳሪው አቅፎት ነው የሚቀመጠው። እንጨቱ ላይ እጃችሁን ካሳረፋችሁ በኋላ የሚሰማችሁን ነገር በቃል ለመግለጽ ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ነው ያለው፤ ግን ቆዳ የለበሰው ሳጥኑ ላይ ጣት ሲደረግ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ ይታወቃል። ክራር ሆድ ላይ ከተደገፈ ደህና ነው። ዋሽንት ይከብዳል፤ ቀጭን ነው። ቢሆንም ለሚነፋው ሰው ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ጣቶች ንዝረቱን ያገኙታል።

ከመሣሪያ ባልቆጥረውም ሙቀጫን አልዘልም። ቡና በሚወቀጥበት ከተማ ዘነዘና ምት ነው። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ ከወለሉ ታውቃለች፤ ሽታው ሳይመጣ በሩ ላይ ናት።

ግጥሙንስ ምን ታደርገዋለች?

በምልክት ቋንቋ ነው የምታገኘው፤ ወይ አስተርጓሚ ሲኖር፣ ወይ ቀድማ ስታነበው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አማርኛን በእጅ መጻፍ አይደለም። ስም ፊደል በፊደል ሲጻፍ ግን ፊደላችን አለ፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ድምፅ ይለያል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ በአንድ የእጅ ቅርጽና በሰባት አካሄድ። ለእኔ ይሄ ራሱ ውዝዋዜ ይመስለኛል።

ዘፈንን ቃል በቃል በምልክት መተርጎም አያዋጣም። ጥሩ አስተርጓሚ ሲሆን ምቱ ትከሻው ላይ፣ ስሜቱ ፊቱ ላይ፣ ቃሉ እጁ ላይ ነው። ትልቁ ፈተና ሰምና ወርቅ ነው። ወርቁ የሚወጣው ሁለት ቃላት በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ነው፤ እጅ ላይ ግን አይመሳሰሉም። አስተርጓሚው ወይ ሁለቱንም ተራ በተራ ያሳያል፣ ወይ በእጅ ቅርጽ የሚመሳሰሉ ሌሎች ምልክቶች ፈልጎ የራሱን ቅኔ ይዘርፋል። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ‹ቀልድ ነግሮ ማብራራት› ትለዋለች።

ታዲያ ድምፁን ከፍ ብታደርገው አይሻልም?

አይሻልም። እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ፣ ከራሴ ነው የማወራው። ዓመታት ስፒከር ሥር ቆሜ ግራ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ እንደ ፌንጣ ሲጢጥ ያድራል። አይጠፋም።

ውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ የመሰለ አካል አለው፤ ውስጡ ንዝረትን ወደ ነርቭ የሚቀይሩ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አሉ። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል። 90 ዴሲቤል ሲሆን ግን 4 ሰዓት ብቻ! አሥር ጨመረ ብላችሁ አትናቁት፤ ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም። በ10 ሲያድግ የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ደግሞ 90 ማለት ገና ምሳ ሰዓት ላይ ያለው ነው።

መስማት ለተሳነውም ቢሆን የቀረችው ትንሽ መስማት ትጎዳለች። ከቮልዩም ይልቅ ንክኪ ይበልጣል። ቀጭኑንና መካከለኛውን ቀነስ አድርጋችሁ ወፍራሙን ተዉት፤ ሰውየውም የሚነዝር ነገር ላይ ይቁም ወይ ይቀመጥ። ሁሉም ይጠቀማል። አማቾችም ማውራት ይችላሉ።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ወይም ተከላ ችግሩን አይፈታውም?

ለንግግር በጣም ይረዳል። ለሙዚቃ ግን ሌላ ነገር ነው። የመስሚያ መርጃዎች በዋናነት የተሠሩት ለሰው ንግግር ስለሆነ ሙዚቃን ሊያዛቡት ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ባለሙያ ለሙዚቃ የሚሆን ማስተካከያ ያደርጋል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚተከለው ኮክሊያር ኢምፕላንት ደግሞ የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በኤሌክትሪክ ይነካል። ብዙዎቹ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች አሏቸው። ምት በደንብ ያስተላልፋሉ፤ ዜማ ላይ ይቸገራሉ።

ሁሉም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሙዚቃ ይወዳሉ?

አይወዱም። እናንተስ ሁላችሁም ኳስ ትወዳላችሁ? የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ሰርግ ላይ ገና ቤዙ ሲነሳ ‹ሆዴን በጠበጠኝ› ብላ ትወጣለች። እጇን ይዛችሁ ስፒከር ላይ አታስቀምጡባት። ይሄ ሁለተኛው እርማት ነው፤ መጀመሪያ ስጽፈው ሁሉም የሚወዱ አስመስዬ ነበር።

ምን ብዬ ልጥራቸው? እንዴትስ ላናግራቸው?

‹መስማት የተሳነው›፣ ‹መስማት የተሳናት› በሉ። ማኅበሩም ስሙ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ነው። ‹ደንቆሮ› ስድብ ነው፣ በቃ። ‹ዲዳ›ም አይባልም፤ የአክስቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ ወሬኛ ናት።

ለመጥራት ከፊት ሆናችሁ እጅ አውለብልቡ፣ ወይ ትከሻ ነካ አድርጉ። የጣውላ ወለል ከሆነ በእግር መምታት ይቻላል፤ ንዝረቱ ይደርሳቸዋል፣ ነውርም አይደለም። ስታወሩ ፊታችሁን አታዙሩ። ማጨብጨብ ሲያምራችሁ ሁለት እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አወዛውዙ።

ሰርግ አለብኝ፣ መስማት የተሳናቸው እንግዶች ይመጣሉ። ምን ላዘጋጅ?

ወለሉን አስቡ። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት አፈር ንዝረቱን ይውጠዋል። ሲሚንቶ ከባድ ስለሆነ አይነቃነቅም። የሚሻለው ከሥሩ ክፍት የሆነ ጣውላ ነው። ከመድረኩ ሥራ የተረፈ ካለ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ከፍ ያለ ጣውላ አሠሩና ቤዙን ራሱ ላዩ ላይ አስቀምጡት። ቦታውን ግን የጭፈራው መሀል አድርጉት፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎችን ጥግ ላይ ሰብስቦ ‹የእናንተ ቦታ› ማለት ጥሩ አይደለም። ሦስተኛው እርማት ይሄ ነው፤ እኔ ጥግ ላይ ነበር የጻፍኩት።

መብራት በደንብ ይኑር። ዘፋኙ ፊቱ ይታይ፣ ማይኩ አፉን አይሸፍነው። ግጥሙን የያዘ ወረቀት ወይም የስልክ መልእክት ቀድማችሁ ስጡ። ከቻላችሁ አስተርጓሚ አምጡ፤ ለዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ምርቃትም። ምርቃቱ ሲያልፋቸው ነው የሚከፋቸው።

ቤቴ ውስጥ ልሞክረው?

ፊኛ ንፉ፣ በሁለት መዳፋችሁ መሀል ያዙት፣ ስፒከር ፊት ቁሙ። ስሱ ጎማ የአየሩን ንዝረት ተቀብሎ ለእጃችሁ ይሰጣል። ሁለተኛው ሙከራ የጅማ ሙከራ ነው። እዚህ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አምጡ። ስፒከሩን ከበርጩማው ሥር አስገቡ፣ ጆሯችሁን በጥጥ ድፈኑ፣ ጫማ አውልቁና ተቀመጡ። መጀመሪያ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ፤ አእምሯችሁ የጎደለውን ይሞላላችኋል። ከዚያ ሌላ ሰው የማታውቁትን ይክፈትላችሁ። ሁለቱ አይገናኙም።

ለሁለት ቀን ቤዝና በርጩማ ስንት ታከራያለህ?

ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ቤዙን በስልክ እንነጋገር። በርጩማው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሷን ለምናችሁ እዩ።